መዝገብ የማያውቃት እናት

«ክሎዝ-ኒት» ስለሚባል የጃፓን ፊልም ልጻፍ ካልኩ ቆይቻለሁ። የናኦኮ ኦጊጋሚ ሥራ ነው። በ2017 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ከቴዲ ሽልማቶች የዳኞችን ሽልማት ወሰደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቴዲ ስለ ኤልጂቢቲ ሰዎች (የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ትራንስ ሰዎችና ሌሎች) ሕይወት ለሚሠሩ ፊልሞች የሚሰጥ ሽልማት ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ስለምንድን ነው ሲባል «ስለ አንዲት ትራንስ ሴት» ይላል። ልክ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የእናቶች ፊልም ነው። ልጅን ማን ያሳድጋል? እናት የሚለውን ስም ማን ያገኛል? ወረቀቱስ የሚያውቀው ማንን ነው? ጠቡ አደባባይ ላይ አይደለም። ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው፣ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቶሞ የ11 ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷ ከሂሮሚ ጋር ትኖራለች፣ ኑሮ ከተባለ። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ያልታጠበ ሳህን ተቆልሏል። ልጅቷ የምትበላው ከሱቅ የተገዛ ኦኒጊሪ ነው፤ በባሕር አረም የተጠቀለለ፣ በፕላስቲክ የታሸገ የሩዝ ጥቅል። እናቷ የምትገባው አምሽታ፣ ጠጥታ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። ስለዚህ ቶሞ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ዕቃዋን ይዛ አጎቷ ማኪዮ ወደሚሠራበት መጽሐፍ መደብር ትሄዳለች። ማኪዮ ወደ ቤቱ ሲወስዳት፣ አሁን ከአንድ ሰው ጋር እንደሚኖር አስቀድሞ ይነግራታል።

ያቺ ሰው ሪንኮ ናት። ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዝግባለች። ቀዶ ሕክምናውን ጨርሳለች፤ የምትኖረው በሴትነቷ ነው። የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። የማኪዮ እናት ሳዩሪ የመርሳት ሕመም ስላለባቸው የሚኖሩት እዚያው ነው። ማኪዮ ሪንኮ እናቱን እንዴት እንደምትይዛቸው አየ። ወደዳትም።

ስለ ኦኒጊሪው አንድ ነገር ልበል። ኦጊጋሚ በ2006 «ካሞሜ ሾኩዶ» የሚል ፊልም ሠርታ ነበር። ሄልሲንኪ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ስለከፈተች ጃፓናዊት ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ኦኒጊሪ የፍቅር ምግብ ነው። ሴትዮዋ እናቷ በልጅነቷ ሞታ የቤቱን ምግብ የምታበስለው እሷ ነበረች፤ አልፎ አልፎ ግን አባቷ በእጁ ኦኒጊሪ ይሠራላት ነበር። ኦኒጊሪ ሌላ ሰው ሲሠራልህ ነው የሚጣፍጠው የሚል እምነት አላት። ከ11 ዓመት በኋላ ያችው ዳይሬክተር ያንኑ ምግብ ለተጣለች ልጅ ሰጠቻት። ሩዙ ያው ሩዝ ነው። የሠራው እጅ ግን የለም። ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ ያየ ሰው፣ ቶሞ ሪንኮ ቤት ማዕድ ላይ ስትቀመጥ ለምን እንደዚያ ዝም እንዳለች ወዲያው ይገባዋል። ሪንኮ ምሳ ዕቃ ውስጥ አሳምራ ያዘጋጀችላት ምግብ ለዚያች ልጅ ምግብ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ ስለ እሷ አስቧል ማለት ነው።

ቶሞ ወዲያው አልተቀበለቻትም። ይሄንን እወድላታለሁ። ልጅ ናት፤ ታፈጣለች፣ ትሸሻለች፣ ትሸማቀቃለች። ክፍል ውስጥ ካይ የሚባል ልጅ አለ። ቫዮሊን ይጫወታል፤ ወንድ ልጅ ይወዳል፤ ልጆቹ ይሳለቁበታል። ቶሞ ከእሱ ጋር መታየት አትፈልግም። ፊልሙ ጥሩ ልጅ አድርጎ አላመጣትም ማለት ነው። ጥሩነቱን የተማረችው ሪንኮ ቤት እየበላች፣ እየተኛች፣ ሹራብ መሥራት እየለመደች ነው።

አሁን ወደ እናቶቹ ልምጣ። ከሁሉም ልቤን የወሰደችው ፉሚኮ ናት፣ የሪንኮ እናት።

ፊልሙ ወደ ኋላ ይመልሰንና ሪንኮን በመካከለኛ ደረጃ ተማሪነቷ ያሳየናል። የወንድ ልጅ ዩኒፎርም ለብሳለች። የጁዶ ክፍለ ጊዜ ከወንዶቹ ጋር መግባት አቅቷታል። ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። በመጨረሻም የሆዷን ታወጣዋለች፤ ጡት እንዲኖራት ትፈልጋለች። እኔ እዚህ ላይ የጠበቅኩት ሌላ ነገር ነበር። እናት ትጮኻለች፣ ወይ ደንግጣ ትወጣለች፣ ወይ አባትን ትጠራለች። ፉሚኮ ግን ልጇ ሴት ናትና መፈለጓ የሚገባ ነው ብላ ተቀበለቻት። ከዚያ ሄዳ የጡት መያዣ ገዛች። ክር አውጥታም ሁለት ጡት በሹራብ ሠራችላት።

ሌላ ምንም የለም። ንግግር የለም፣ ትምህርት የለም። አንዲት እናት ልጇ የጎደላትን አየች፤ በእጇ ያለው ሙያ ሹራብ መሥራት ነው፤ ሠራችላት። ኦጊጋሚ ይህን ከባዶ አልፈጠረችውም። ለትራንስ ልጇ ሰው ሠራሽ ጡት ስለሠራች እናት ጋዜጣ ላይ ካነበበች በኋላ ነው ፊልሙ የመጣላት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ትዕይንቱ ይበልጥ ከበደኝ። የሆነች ከተማ ውስጥ የሆነች እናት በእውነት አድርጋዋለች።

ፉሚኮ የዋህ ብቻ አይደለችም። ከቶሞ ጋር ስትገናኝ፣ ሪንኮን ብታሳዝናት ልጅ ናት ብላ እንደማትምራት በግልጽ ትነግራታለች። የ11 ዓመት ልጅን! አንዳንድ ሰው ይሄ ከበዳት ይል ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜ ልኳን በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የኖረች እናት ነው ያየሁት። ልጇን ማን እንደሚጎዳት አታውቅም። ስለዚህ ሁሉንም ታስጠነቅቃለች።

ከእሷ በተቃራኒ የካይ እናት አለች። ካይ ለሚወደው ልጅ የጻፈውን ደብዳቤ ታገኛለች፤ ትቀደዋለች። ልጁ ክኒን ይውጣል። ደግነቱ ይተርፋል። ይቺው ሴት ሱፐርማርኬት ውስጥ ቶሞን ይዛ ስለ ሪንኮ ክፉ ስትናገር፣ ቶሞ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንስታ ትረጭባታለች። ከዚያ ደግሞ ሰዎች ከሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት መጥተው ቤቱን ይፈትሻሉ፤ ልጅቷ ተጎድታ እንደሆነ ይመረምራሉ። እናቷ ጥላት ስትጠፋ፣ ብቻዋን ኦኒጊሪ ስትበላ ማንም በር አላንኳኳም። ትኩስ ምግብ ማግኘት ስትጀምር ነው የተንኳኳው።

የካይን እናት መጥላት ቀላል ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ጠልቻት ነበር። ደጋግሜ ሳያት ግን ፍርሃቷ ይታየኛል። ጎረቤት ምን ይላል፣ ትምህርት ቤት ምን ይላል፣ ልጄ እንዴት ይኖራል። ፉሚኮም ይሄው ፍርሃት ነበረባት ብዬ አስባለሁ። አንዷ ፈርታ ክር አነሳች፤ ሌላዋ ፈርታ ደብዳቤ ቀደደች። ለካይ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነበር።

ሦስተኛዋ የቶሞ እናት ሂሮሚ ናት። የሂሮሚ እናት ደግሞ ሳዩሪ ናቸው፣ መንከባከቢያው ውስጥ ያሉት። ሳዩሪ ባላቸው ሌላ ሴት ሲይዝ ንዴታቸውን በሹራብ ይወጡ ነበር። ልጆቻቸው ያደጉት ከዚያ ንዴት ሥር ነው። ሂሮሚ እናቷን አትወድም። መወደድን ሳታውቅ እናት ሆነች፤ ትሸሻለች። ፊልሙ ይህን በጥቂት መስመር ነው የሚነግረን፤ በቂ አይመስለኝም። እመለስበታለሁ።

ሪንኮም ሹራብ የምትሠራው ንዴት ለመዋጥ ነው። ሰው ሲሰድባት፣ ሲያዋርዳት፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች ትሠራለች። የምትሠራው ደግሞ የወንድ ብልት ነው፤ በቀለማት ያሸበረቀ፣ በጥጥ የተሞላ። 108 ሲሞላ ልታቃጥለው ነው። ቁጥሩ ከቡድሂዝም የመጣ ነው። የሰው ልጅን የሚያሠቃዩት ምኞቶች 108 ናቸው ይባላል፤ በጃፓን ቤተ መቅደሶች በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት ደወሉ 108 ጊዜ የሚደወለው ለዚያ ነው። ሪንኮም የራሷን 108 ጨርሳ፣ ባሕር ዳር አቃጥላ፣ ከዚያ በመዝገብ ላይ ያለውን ፆታዋን ቀይራ ማኪዮን ልታገባ ነው ዕቅዷ። ማኪዮና ቶሞም አብረዋት ይሠራሉ። ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው ያንን ሲሠሩ ማየት መጀመሪያ ያስቃል። ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። እያንዳንዱ አንድ የተዋጠ ስድብ ነው።

መዝገቡ ምን እንደሆነ ካላወቅን ፊልሙ በግማሽ ያመልጠናል። በጃፓን ሰው የሚመዘገበው ኮሴኪ በሚባል የቤተሰብ መዝገብ ነው። መወለድ፣ መጋባት፣ መፋታት፣ ማደጎ፣ መሞት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይጻፋል። በ1872 በመላ አገሪቱ ተዘረጋ። የቤቱን ሁሉ ሥልጣን ለአባወራው የሚሰጠው አሮጌው የቤተሰብ ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ተሽሯል፤ መዝገቡ ግን ቀጠለ። ባልና ሚስት አሁንም አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው።

ፆታን በዚህ መዝገብ ላይ መቀየር የሚፈቅደው ሕግ በ2003 ወጥቶ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ቅድመ ሁኔታዎቹ ከባድ ናቸው። ያላገባ መሆን አለበት። የመውለድ ችሎታው መቋረጥ ነበረበት፣ እስከ 2023። የአካሉ ቅርጽ የሌላኛውን ፆታ መምሰል አለበት። አንዱ ደግሞ ልጅ የሌለው መሆን አለበት የሚል ነው። በ2008 ተሻሽሎ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሌለው ተባለ። እኔ እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ሕጉ የሚለው፣ ትንሽ ልጅ ካለህ መዝገብህን አትቀይርም ነው። ልጁ ግራ እንዳይጋባ ተብሎ ነው። ቶሞን ያየ ሰው ለዚህ መልስ የለውም? የዚያች ልጅ ግራ መጋባት የመጣው እናቷ በሌለችበት ማታ ነው። ሪንኮ ማን እንደሆነች ለመረዳት የፈጀባት ጊዜ በጣም ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈነዳው ሪንኮ ተጎድታ ሆስፒታል በገባችበት ትዕይንት ነው። መዝገቧ ወንድ ይላልና የወንዶች ክፍል አስተኟት። ማኪዮ ይቆጣል፤ ለብቻ ክፍል ይጠይቃል፤ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ነው። ሪንኮ በወንዶች መሐል ተኝታለች። ዕድሜ ልኳን አረጋውያንን ስታጥብና ስትመግብ የኖረች ሴት ናት። እሷን የሚያስታምማት ቦታ ግን ማን እንደሆነች የጠየቀው ወረቀት ነው። ቶሞ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች። ንዴትን እንዴት እንደሚውጡት ተምራለች።

በእውነተኛዋ ጃፓን ነገሩ ተንቀሳቅሷል። የመውለድ ችሎታ ይቋረጥ የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ ነበር። በጥቅምት 2023 ግን 15ቱም ዳኞች በሙሉ ድምፅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። የአካል ቅርጹን ጉዳይ ወደ ሂሮሺማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መለሱት፤ ያም ፍርድ ቤት በ2024 ለአመልካቿ ፈቀደላት። ፊልሙ ሲወጣ ይህ ሁሉ አልነበረም።

የጋብቻው ጉዳይ ሌላ ነው። ሪንኮ መዝገቧን ከቀየረች ማኪዮን ማግባት ትችላለች፤ በሕግ ዓይን ሴትና ወንድ ናቸውና። ካይ አድጎ የሚወደውን ሰው ቢያገኝ ግን አይችልም። ከቡድን ሰባት አገሮች መካከል የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን በአገር አቀፍ ሕግ የማታውቅ ጃፓን ብቻ ናት። ቶኪዮ ውስጥ ያለው የሺቡያ ወረዳ በ2015 የጥንድነት የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። ያ ወረቀት ግን ጋብቻ አይደለም፤ ውርስ አያስገኝም። የሳፖሮ የወረዳ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2021 ጋብቻ መከልከሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ የሳፖሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2024 ደገመው። እስከዚያው አንዳንድ ጥንዶች አንዱ ሌላውን በማደጎ ይወስዳል። አዋቂ ሰው አዋቂን በማደጎ መውሰድ ይችላል፤ በዕድሜ የሚበልጠው ወላጅ ይሆናል። የሚወዱትን ሰው ልጄ ብሎ ማስመዝገብ! ቤተሰብ ለመባል ሰው ይህን ያህል ይሄዳል።

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጪ» ስባል የምትመጣው እሷ ነበረች። «እናቷ ነዎት?» ሲሏት «አዎ» ትላለች። ቅጽ ሲሞላ ግን የእናት ስም የሚለው ቦታ ላይ የሚጻፈው የእሷ ስም አልነበረም። የአክስቴ ታሪክ የሪንኮ ታሪክ አይደለም፤ እሷን ማንም በሰውነቷ ምክንያት አላዋረዳትም። ቶሞ ሪንኮን አቅፋ ስትተኛ ግን የማስበው አክስቴን ነው። ያሳደገሽን ሰው ስም ለመጻፍ ቦታ ማጣት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ፊልሙ ላይ የተነሳ ቅሬታ አለ፤ ትክክልም ነው። ሪንኮን የተጫወተው ቶማ ኢኩታ ትራንስ ሴት አይደለም፤ ታዋቂ ወንድ ተዋናይ ነው። በ2020 በወጣው «ሚድናይት ስዋን» ላይም ትራንስ ሴት ሆኖ የሠራው ሌላ ታዋቂ ወንድ፣ ፁዮሺ ኩሳናጊ ነው። ትራንስ ተዋናዮች የራሳቸውን ሕይወት ለመጫወት እንኳ ቦታ ካላገኙ የት ያገኛሉ? ኢኩታ በጥንቃቄ ነው የሠራው፤ ድምፁም እጁም ልስልስ ነው። አንዳንዴ ግን ሪንኮ በጣም ጥሩ ትሆንብኛለች። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትታገሳለች፣ አትሳሳትም። ትራንስ ሴት እናት ለመባል መልአክ መሆን አለባት? ሂሮሚ ጥላ ጠፍታም እናት ነች። ይህን ጥያቄ ኦጊጋሚ አልመለሰችውም። ምናልባት አላየችውም።

መጨረሻውን መናገር ግድ ይለኛል፤ ያላየ ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ሪንኮ ቶሞን በማደጎ ለመውሰድ አስባ ሳለ ሂሮሚ ትመጣለች። ጠቡ ይነሳል። ሂሮሚ ሪንኮን እናት መሆን እንደማትችል ትነግራታለች፤ ሴት አይደለሽም፣ ልጅቷ ስታድግ የሚሆነውን ነገር አታውቂውም፣ ነው ነገሩ። ቶሞ እናቷን ትመታታለች፤ የት ነበርሽ ትላታለች። ለሪንኮ ትቆማለች። ከዚያ ግን ከእናቷ ጋር ለመሄድ ትወስናለች። ስትሄድ ሪንኮ የሰጠቻት ስጦታ ከክር የተሠራ ጡት ነው። ፉሚኮ ለሪንኮ ከብዙ ዓመት በፊት የሠራችው ዓይነት። ለሂሮሚ ስድብ የተሰጠ መልስ አድርጌ ነው የማየው። ስታድጊ የሚሆነውን አውቃለሁ፣ እኔም ጠብቄዋለሁ፣ ለእኔም እናቴ ሠርታልኛለች ነው የምትላት።

ብዙ ሰው በዚህ መጨረሻ ይናደዳል። ቶሞ ሪንኮ ዘንድ መቅረት ነበረባት ይላል። እኔ አልስማማም። የ11 ዓመት ልጅ እናቷን ትፈልጋለች፤ የምትጥላትንም ቢሆን። ሪንኮም ያንን ከልጅቷ ልትነጥቅ አልፈለገችም። የምቃወመው ሌላውን ነው። ሂሮሚን ብቻዋን የምናይበት ጊዜ አጥተናል። ስትጠፋ የት እንደነበረች፣ ምን አስመለሳት፣ እናቷን ሳዩሪን ስታስብ ምን እንደሚሰማት ብናይ ኖሮ ቶሞ የምትመለሰው ወዴት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ኦጊጋሚ ለሪንኮ እናት ያንን የመሰለ ትዕይንት ሰጥታ፣ ሂሮሚን ግን በሌሎች ሰዎች ዓይን ብቻ ነው ያሳየችን። ለቶሞ የምሰጋው ለዚህ ነው።